ኢሜይል ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው

ሰኞ፣ ጁን 3

ሸንኮራ የሚጭኑት መኪኖች ሥራ ሊጀምሩ ነው። ጎማና ፍሬን ሸራ ሲሸጥ ዋለ። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ እንደ ወትሮው ሻይ ቀረበ፤ ጋሽ ሙኒያን መነጽራቸውን አድርገው የሱቁን ኢሜይል ጮክ ብለው አነበቡ። ኒላ ከባንኮኒው፣ ኤሮኒ ከመጋዘኑ መጥተው ቆመው አዳመጡ። ባሌ በሕይወት እያለም እንዲሁ ነበር።

አሁን ሱቁ የእኔና የታላቅ ወንድሙ የጋሽ ሙኒያን ነው። በወረቀት እኩል ነን። ሰው የሚሰማው ግን ኢሜይሉን የሚያነበውን ነው። አንድ አድራሻ፣ አንድ የይለፍ ቃል፣ አንድ አንባቢ... እስከ መቼ?

ሐሙስ፣ ጁን 6

አሮጌው ኮምፒውተር ዛሬም ቆመ። ከዋና ከተማው ከሱቫ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሻጭ አስጠራሁ። ሁለት ፕሮግራም አሳየን። ሁለቱም ኢሜይሉን፣ ፋይሉን፣ የቀጠሮ ሰሌዳውን ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጣሉ። አንደኛው ርካሽ ነው፤ ሁሉም አንድ የመልእክት ሳጥን ያያል። ሁለተኛው በሰው ቁጥር ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ሳጥን አለው። የትኛው መልእክት ለማን እንደሚሄድ የሚወስነው «አስተዳዳሪ» የሚባለው ነው።

ጋሽ ሙኒያን፣ «ምን የምንደባበቀው ነገር አለንና ነው ለየብቻ ሳጥን?» አሉ።

«በስምዎ እንዲጻፍልዎት ብዬ ነው ጋሼ። የትልቅ ሰው ስም ለብቻው ሲሆን ያምራል።»

መነጽራቸውን አስተካከሉ። ወደውታል።

ሻጩ አስተዳዳሪው ማን ይሁን ሲል ወደ እኔ ጠቆሙ። «እሷ ትሁን። ቁልፍ መነካካት የሴት ሥራ ነው። እኔ ንግዱን ልይበት።»

ኤሮኒ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሻጩ ስሜን ጻፈ።

ሰኞ፣ ጁን 17

ወደ አዲሱ ፕሮግራም ተዛወርን። የአስመጪዎቹ ደብዳቤ ወደ እኔ፤ የደንበኞች ትእዛዝ ወደ ኒላ፤ የመጋዘኑ ወደ ኤሮኒ። ለጋሽ ሙኒያን በስማቸው የሚጻፈው። በስማቸው ማን ይጽፋል? ሰው ሁልጊዜ የሚጽፈው ለሱቁ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጁን 18

ሻይ። መነጽር። ሳጥኑ ባዶ።

ረቡዕ፣ ጁን 19

«ኮኪላ፣ ይሄ ነገር ተበላሽቷል እንዴ?»

«ደህና ነው ጋሼ። የሚመጣ ሲኖር ይመጣል።»

ሻያቸውን ይዘው ስክሪኑ ፊት ተቀመጡ። ኒላና ኤሮኒ ትንሽ ቆመው ጠበቁና ወደየሥራቸው ሄዱ።

ሰኞ፣ ጁን 24

መጣላቸው። ከፕሮግራሙ ኩባንያ የተላከ ማስታወቂያ። ሁሉንም ጠርተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ዕቃ ወደብ ደረሰ የሚል ወሬ በሚያነቡበት ድምፅ አነበቡት። «ሙኒያን ሆይ፣ እንኳን ደህና መጡ። የቀጠሮ ሰሌዳዎን በቀለም ማሳመር እንደሚችሉ ያውቃሉ?»

«ጋሼ፣ መልስ ይጻፉላቸው እንጂ፤ ሰዎቹ እየጠበቁ ነው» አለ ኤሮኒ። ኒላ ፊቷን አዞረች።

ቀልዱ አልገባቸውም። በአንድ ጣት ለረጅም ጊዜ ሲጽፉ ቆዩ። «ተቀብለናል። እናመሰግናለን። ቤተሰብዎ እንዴት ነው?»

ሰኞ፣ ጁላይ 1

ማስታወቂያ እንዳይመጣ ማድረግ ይቻላል። ለአንድ ሰው ብቻም ይቻላል። በጋሼ ሳጥን ላይ አደረግሁት።

ክፉ ነኝ? ባሌ ከሞተ ወዲህ አንድ ቀን «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብለውኝ አያውቁም። ገረድ እንኳ ትጠየቃለች።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 9

ጋሼ ጠረጴዛዬ ጋ መጥተው ቆሙ።

«የኔን ደብዳቤ ማነው የሚወስደው?»

«ማንም። ይምጡ አብረን እንይ።» ኒላንም ኤሮኒንም ጠራሁ፤ ምስክር ይሁኑ ብዬ። ሳጥናቸውን ከፈትኩት። «ይኸው ጋሼ። የሚጽፍልዎት የለም።»

ኒላ መሬት መሬት አየች። ኤሮኒ ዛሬ አልሳቀም።

«ካንቺ አንዱን ስጪኝ» አሉ ቀስ ብለው። «የፍሬን ሸራውም ቢሆን። ላንብብላቸው።»

«ለየብቻ ብለን ነው የገዛነው። እርስዎም ባሉበት ነው የተመረጠው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ሻዩን ሳይነኩት ወጡ።

መስጠት እችል ነበር። አንድ ቁልፍ ነው።

ሰኞ፣ ጁላይ 15

ሙኒያን አልመጣም። ደወለ። «ቤት እሆናለሁ። አንቺ ያዢው» አለ። ስልኩን ዘጋው።

የሱን ሳጥን ሰረዝኩ። ፕሮግራሙ «እርግጠኛ ነዎት?» ይላል። እርግጠኛ ነኝ። ወንበሩን ወደ እኔ ክፍል አስገባሁ፤ ከእኔ ይሻላል፣ መደገፊያ አለው።

ሰኞ፣ ጁላይ 29

ሽያጩ ደህና ነው። ስህተት ቀንሷል። ማንም ማንንም አይጠይቅም፤ ሁሉም ሳጥኑን ያያል።

አራት ሰዓት ላይ ሱቁ ውስጥ ሰው አጣሁ። ከመጋዘኑ ጀርባ ሳቅ ሰማሁ። ኒላና ኤሮኒ ጎማ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። የኒላ ስልክ መሀላቸው፣ ድምፁ ተለቅቆ። ሙኒያን ከቤቱ ጋዜጣ እያነበበላቸው ነው።

«...የሚሸጥ ጭነት መኪና። ሞተሩ ደህና፣ በሩ የማይዘጋ...»

«ጋሼ፣ የኤሮኒ አፍ ነው እንዴ?» አለች ኒላ።

ከስልኩ ውስጥ ሳቀ። ሲስቅ ከሰማሁት ስንት ጊዜ ሆነኝ?

የራሷ ስልክ ነው። በእኔ የአስተዳዳሪ ገጽ ላይ አይታይም፤ ልሰርዘውም አልችልም። ቆሜ አሰብኩ። ከዚያ ወጣሁላቸው።

«ከነገ ጀምሮ ሻይ በየተራ ነው። አንድ ሰው ሳይመለስ ሌላው አይወጣም።»

ኤሮኒ ኩባያውን አስቀመጠ። ኒላ ተነሳች። «እሺ፣ እትዬ» አለች። ስልኩን ግን አልዘጋችውም። ከወዲያ በኩል ጋዜጣው ሲታጠፍ ይሰማል።

ሰምቷል ማለት ነው። ይስማ።