የ«አባትየው» ተዋናይ ማረፍ እና የማይቀየረው የመጨረሻ ክፍል

ከ«ሁለተኛው ጉብኝት» ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ዝግጅት ክፍል ለባልደረቦች፣ ለተመልካቾች እና ለወዳጆች ሁሉ

በ«ሁለተኛው ጉብኝት» ድራማ ላይ አባትየውን ሆነው የተጫወቱት አንጋፋ ተዋናይ፣ ባልደረባችንና የሁላችን ታላቅ፣ ባለፈው ሰኞ ጠዋት በሕክምና ላይ እንዳሉ በሞት ተለይተውናል። የዝግጅት ክፍሉ ሐዘኑ ጥልቅ መሆኑን ይገልጻል። «ጥልቅ» የሚለው ቃል እንዲህ ባለ ጽሑፍ ሁሉ ላይ እንደማይጠፋ እናውቃለን፤ የተሻለ ፈልገን አጣን።

ይህ መግለጫ መውጣት የነበረበት በዕለቱ ነው። የዘገየው ሐዘኑ ቀሎን አይደለም። ሁለት ጊዜ ተጽፎ ሁለት ጊዜ ተቀድዷል፤ ምክንያቱን ከታች እንናገራለን። ይህን ስንጽፍም የቢሮው ስልክ ይጮኻል፣ የሚያነሳው ባልደረባችን መልስ አልቆበት ኮሪደር ላይ ቆሟል፣ አዘጋጇ ከወንበሯ እየተነሳች መልሳ ትቀመጣለች። በተረጋጋ መንፈስ የተጻፈ ነው ብንል ውሸት ይሆናል።

ድራማውን ለማያውቁ ባጭሩ እንግለጽ። አንዲት ልጅ አባቷ እንደሚጎዳት ለመምህሯ በግማሽ አፍ ትናገራለች። ሁለት የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ነገሩን ለማጣራት ቤቷ ይሄዳሉ። በመጀመሪያው ጉብኝት ቤቱ ጽድት ያለ ነው፣ አባትየው ትሑት ነው፣ ልጅቷ ዝም ትላለች። ድራማው ስሙን ያገኘው ሳይነገር ከሚደረገው ከሁለተኛው ጉብኝት ነው። እስካሁን በተላለፉት ክፍሎች ልጅቷ እውነቷን ይሁን አይሁን አልተነገረም። ያ የሚታወቀው በመጪው እሑድ በሚተላለፈው የመጨረሻ ክፍል ነበር።

ሟቹ ወደ ቴሌቪዥን ከመምጣታቸው በፊት ለረጅም ዓመታት በሬዲዮ የልጆች ተረት ሲያነቡ ኖረዋል። ዛሬ የልጅ ወላጅ የሆነ ስንቱ ሰው ያንን ድምፅ እየሰማ ነው እንቅልፍ የወሰደው። በመድረክም ዳኛም ሌባም ሆነው ተጫውተዋል፤ ሌብነቱ ይበልጥ እንደሚያምርባቸው ራሳቸው ይቀልዱ ነበር። በቀረጻ ቦታ ስማቸው ጋሼ ቀስ ነው። ሩጫ አይወዱም። መብራት ተሸካሚውንም፣ ድምፅ ቀጂውንም፣ አዘጋጇንም ሳይቀር «ቀስ በሉ እንጂ፣ ማን አባረራችሁ?» ይሉ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ይህን አነጋገር ይቀዳባቸው ነበር፤ ማንም ግን እንደ እርሳቸው አልቻለበትም።

በዚህ ድራማ ያበረከቱት አስተዋጽኦ እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያው ዓመት፦ አዘጋጇ ለዚህ ሚና ስትመርጣቸው ምክንያቷን አልደበቀችም። ተጠርጣሪው፣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ የሚያምነው ድምፅ ያለው መሆን ነበረበት። ለራሳቸው ይህ ስድብ ይሁን ምስጋና ስላልገባቸው አንድ ሳምንት ኩርፍ ብለው ሰነበቱ። አዘጋጇ ደግሞ የማትለቀው ልማድ አላት፤ የታሪኩን መጨረሻ ለተዋናዮች አትነግርም፣ እያንዳንዱ የራሱን ገጽ ብቻ ይዞ ይሄዳል። እርሳቸው ግን ሚናውን ከመቀበላቸው በፊት ፊት ለፊት ጠየቁ፦ «አድርጌዋለሁ ወይስ አላደረግሁም?» መልሱ በሹክሹክታ ተነገራቸው። ከዚያ ወዲያ ለጋዜጠኛ፣ ለጓደኛ፣ ለገዛ ባለቤታቸው እንኳ ትንፍሽ አላሉም።

በዚያው ዓመት፦ ከባዶቹ ትዕይንቶች እንዴት ይቀረጹ በሚለው ስንከራከር፣ ልጅቷን ሆና የምትጫወተው ሕፃን ለአንዲት ቃል እንኳ ከፊታቸው እንዳትቀመጥ የጠየቁት እርሳቸው ናቸው። ሕፃኗ አብራቸው የተቀረጸችው ቀላል በምንላቸው ትዕይንቶች ብቻ ነው፤ እሱም እናቷ ከካሜራው ጎን ቆማ። የቀረውን ሁሉ የተናገሩት ለባዶ ወንበር ነው። ወንበሩ ላይ የትምህርት ቤት ቦርሳ እናስቀምጥላቸው ነበር። ቦርሳውን እያዩ ያንን ለስላሳ ድምፅ ሲያወጡ፣ ካሜራ የያዘው ባልደረባችን የሚገባበት ይጠፋው ነበር። ቀረጻው ሲያበቃ ለማንም ሳይናገሩ ወደ ግቢ ወጥተው ይመላለሳሉ። ጋሼ ቀስ በጥድፊያ ሲራመዱ ያየናቸው ያኔ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ዓመት፦ ድራማው በየቤቱ ገባ፤ እርሳቸው ደግሞ በሰው አፍ ገቡ። ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት ልጇን ከአጠገባቸው አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። አንድ ባለሱቅ «ለአንተ ዓይነቱ አልሸጥም!» ብሎ ባዶ እጃቸውን መልሷቸዋል። አብሯቸው የነበረው ሾፌራችን ካልደበደብኩት ብሎ ያዙኝ ልቀቁኝ ሲል፣ እርሳቸው ሳቁ፦ «ተወው፤ ልጅቷን አምኗታል ማለት ነው።» ሌላው ግማሽ ተመልካች ግን ያመነው እርሳቸውን ነበር። «እንዲህ ያለውን አባት ማን አግኝቶት! ባለጌዋ ልጅቷ ናት» የሚሉ መልእክቶች ይጎርፉልን ነበር። እነዚህን ሲያነቡ አይስቁም።

በዚያው ዓመት፦ በየክፍሉ መጨረሻ ላይ ልጆች የሚደውሉበት የእርዳታ ስልክ ቁጥር በስክሪኑ ላይ እንዲታይ ተደረገ። ቁጥሩን በዚያ በሚታወቅ ድምፃቸው እንዲያነቡልን ብንጠይቅ ተቆጡ፦ «በእኔ ድምፅ? እብዶች ናችሁ እንዴ! የሚደውለው እኮ ከዚህ ድምፅ የሚሸሽ ልጅ ነው።» ሕፃኗ አነበበችው። ከዚያ በኋላ የደወሉት ልጆች ከጠበቅነው በላይ ብዙ ናቸው።

ዘንድሮ፦ ሕመሙ ጠናባቸው። ሐኪማቸው ይተኙ ሲላቸው የመጨረሻውን ክፍል ሳልቀረጽ አልተኛም አሉ። መቆም ስላልቻሉ ተቀምጠው ተቀረጹ። ጨርሰን መብራቱ ሲጠፋ «ይቺን እንዳታስቀሯት» አሉን። እኛ ክፍሉ ረዝሟል ብለን እንዳንቆርጠው የሰጉ መስሎን «ኧረ በፍጹም» ብለን ሸኘናቸው።

ሰኞ ጠዋት አረፉ። ከሰዓት በኋላ የሕዝብ ግንኙነት ክፍላችን የመታሰቢያ ቪዲዮ አዘጋጅቶ ለቀቀ። ማንም ክፉ አላሰበም። ከድራማው ደግ ደጉ ተለቀመ፦ የልጅቷን ፀጉር ሲያበጥሩ፣ ብርቱካን ልጠው ሲሰጧት፣ «ይሄ እንግዲህ የእኔና የአንቺ ምስጢር ነው» ብለው ሲስቁ፣ የመኝታ ክፍሏን በር ድምፅ ሳያሰሙ ሲዘጉ። ከሥሩ ፒያኖ ገባበት፣ ከላዩ «ደጉ አባት፣ በሰላም ይረፉ» ተጻፈበት። ሰው ተቀባበለው። ትናንት ቢያገኛቸው ሊተፋባቸው ይችል የነበረ ሁሉ አለቀሰ። እኛም ቢሮ ውስጥ ከበን እያየን አለቀስን።

ማልቀሳችንን ያቋረጠው የድራማው አማካሪ የሆነችው የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ስልክ ነው። ይህች ባለሙያ ከደራሲው ጋር ተቀምጣ እያንዳንዱን ትዕይንት ያየች፣ በእርዳታ ስልኩ ላይም የምትሠራ ናት። ሰላምታ አልነበራትም። «እነዚያን ትዕይንቶች እኮ የጻፍናቸው ደግ እንዲመስሉ ነው! ነገሩ የሚሠራው በዚያ መንገድ ነው። እናንተ አንድ በአንድ ለቅማችሁ ሙዚቃ ጨመራችሁበት!» አለች። ጥቃቱን ለማሳየት የሠራነውን ሁሉ ለይተን አውጥተን፣ ደግነት ብለን ለሕዝብ ያቀረብነው እኛው ነን።

ቀጥሎ የነገረችንን እንድናትም የፈቀደችው ይህንኑ ያህል ብቻ ነው። አንዲት ልጅ ለእርዳታ ስልኩ ደውላ መናገር ጀምራ ነበር። ማን እንደሆነች፣ የት እንዳለች አልተነገረንም፤ አልጠየቅንምም። ቪዲዮው ከወጣ በኋላ እንደገና ደወለች። «ተዉት፣ ተሳስቼ ነው። የቲቪው አባትም ደግ ነበሩ ለካ» ብላ ዘጋች። እስካሁን መልሳ አልደወለችም።

ቪዲዮው ወዲያው እንዲነሳ ተደርጓል። ይሁን እንጂ አንዴ የተበተነ ነገር ተለቅሞ አያልቅም፤ አሁንም በየስልኩ እየዞረ ነው። ያዩ ሁሉ እንዲያጠፉት እንለምናለን።

በዚህ መካከል ሌላ ጥያቄ መጣብን። ተመልካቾች፣ አንድ ስፖንሰር፣ የሟቹ የቆዩ የመድረክ ጓደኞችም ሳይቀሩ የመጨረሻው ክፍል እንዲቀየር ጠየቁ። የሁሉም ንግግር ተመሳሳይ ነው፦ «ሰውየው ሞተዋል እኮ። ምን አለበት ንጹሕ ሆነው ቢቀሩ?» ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ስለነበር ለመቆጣት እንኳ አልተመቸንም። ግማሾቻችን ይሁን አልን፣ ግማሾቻችን አይሆንም አልን። ደራሲው አዲስ መጨረሻ ለመሞከር ተቀምጦ፣ ጭንቅላቱን ይዞ ተነሣ። የመጀመሪያው የተቀደደ መግለጫ «ደጉ አባት» ይል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ የመጨረሻው ክፍል ላልተወሰነ ጊዜ መራዘሙን ያስታውቅ ነበር፤ ፈሪ ሰው የሚጽፈው ዓይነት ነው።

በመጨረሻ ወደ ባለቤታቸው ሄድን። እሺ ካሉ ሊቀየር፣ እምቢ ካሉ እንዳለ ሊተላለፍ ነበር። ሸክማችንን አንስተን ሐዘንተኛ ላይ መጣላችን ነው፤ ያኔ ግን እንደዚያ አልታየንም። የታሪኩ መጨረሻ ምን እንደሆነ አዘጋጇ ስትነግራቸው ዓይናቸውን አፈጠጡ። «ይህን ሁሉ ጊዜ አጠገቤ ተኝቶ እኔን ሳይነግረኝ? አይ ሰውዬ!» ብለው ሳቅም ለቅሶም ያዛቸው። ሲረጋጉ የመጣንበትን ነገርናቸው። ስለ ደወለችው ልጅም ነገርናቸው።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ። «እኔን ለማጽናናት ብላችሁ ልጅቷን ውሸታም ልታደርጉልኝ ነው?»

አዘጋጇ ልታስረዳ ጀመረች፤ አላስጨረሷትም።

«እኔ ባሌን አውቀዋለሁ። የወለድናቸው ልጆች ያውቁታል፣ የልጅ ልጆቹ ያውቁታል። የእሱን ንጽሕና በቲቪ የምፈልግ ይመስላችኋል? ይልቅ ያቺን ልጅ ፈልጉ።»

አብራን የሄደችው አማካሪያችን ለደወለ ልጅ መልሶ እንደማይደወል፣ ቢደወል ቤት ውስጥ ስልኩን ማን እንደሚያነሳው እንደማይታወቅ፣ መጠበቅ ብቻ እንደሆነ አስረዳቻቸው። ባለቤታቸው ይህን ሲሰሙ ተነሥተው ቆሙ፣ ተቀመጡ፣ እንደገና ቆሙ። «ታዲያ እስከ እሑድ ምን ትሠራላችሁ? እሷ እሑድ ድረስ ተሳስቻለሁ ብላ እዚያ ቤት ትቀመጥ?»

በዚህ መሠረት የዝግጅት ክፍሉ የሚከተለውን ወስኗል። የመጨረሻው ክፍል በመጪው እሑድ በተለመደው ሰዓት፣ አንዲት ቃል ሳይቀነስ፣ እርሳቸው በተቀረጹበት መልኩ ይተላለፋል፤ «ይቺን እንዳታስቀሯት» ያሉን ይህንኑ ፈርተው እንደነበር የገባን አሁን ነው። የእርዳታ ስልኩ ቁጥር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከስክሪኑ አይጠፋም። አዘጋጇም ሥራ ከጀመረች አንሥቶ ያላፈረሰችውን ልማድ በራሷ ፈቃድ አፍርሳለች፤ የታሪኩ መጨረሻ እሑድን ሳይጠብቅ በዚህ መግለጫ ይነገራል። ተመልካቾቻችን ጉጉታችሁን ስለነጠቅናችሁ አትቀየሙን። ብትቀየሙንም እንችለዋለን።

ሟቹ ባለትዳር፣ የልጆች አባት እና የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። አብሯቸው የሠራ ሁሉ የሚመሰክርላቸው ጨዋ ሰው ናቸው። የተጫወቱት ሰው ደግሞ ሌላ ነው። ሁለቱን ለይታችሁ እንድታዝኑላቸው በአክብሮት እንጠይቃለን።

ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸው እና ለልጅ ልጆቻቸው፣ ለሬዲዮና ለመድረክ ባልደረቦቻቸው፣ አያቴ እያለች ትጠራቸው ለነበረችው ሕፃን ተዋናይት መጽናናትን ከልብ እንመኛለን። እኛም ያስፈልገናል።

ደውለሽ ለዘጋሽው ልጅ፦ ይህን ታነቢው ወይም ሰው ሲያወራው ትሰሚው እንደሆነ አናውቅም። በድራማው ላይ አባትየው አድርጎታል። ልጅቷ የተናገረችው እውነት ነው፣ ከመጀመሪያዋ ቃል ጀምሮ። ደግ መምሰሉ ውሸታም አያደርጋትም። አንቺም አልተሳሳትሽም። ስልኩ አጠገብ ሰው ተቀምጧል፤ ደውዪ።

የ«ሁለተኛው ጉብኝት» ድራማ ዝግጅት ክፍል