በወረቀት የማይጻፍ ልኬት

ለእናቴ፣ ለመምህሬ፣ ለመጀመሪያዋ አለቃዬ፤

እማዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ከጉልበትሽ ልጀምር፤ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይሟገትሻል ወይስ ታርቃችኋል? ዓይንሽስ? ክሩን መርፌው ውስጥ አሁንም በአንድ ሙከራ ታስገቢያለሽ? እንቅልፍሽስ፣ ሳልሽስ፣ የአክስቴን ንዝንዝ የምትችይበት ትዕግሥትሽስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጤናዬም ሥራዬም አልጎደለም። የጎደለው ትዕግሥቴ ነው፤ እሱም ሦስት ሳምንት ሙሉ እየተሸራረፈ አሁን ጫፉ ብቻ ቀርቶኛል።

ሌላ ነገር ሳልጽፍ አንድ ነገር እወቂልኝ፤ አላኮረፍኩም። በመጨረሻ የተነጋገርን ቀን ከእንግዲህ የምትሰፋልሽን ፈልጊ ብዬ ስልኩን እንደዘጋሁብሽ አልካድኩም። ከዚያ ወዲህ ድምፄ ጠፋ። አንቺን ስለማውቅሽ የምታስቢው ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። ልጄ ቂም ያዘች ብለሽ፣ አንቺም በተራሽ ቀድሜ አልደውልም ብለሽ፣ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ከሚገባው በላይ እያጮህሽ ታስቀምጫለሽ። እማዬ፣ ጠላትሽ ያኩርፍ። ያኮረፈው ዋይፋዩ ነው።

ከሥሩ ልንገርሽ። እንደምታውቂው የስልኬ የሲም ማስገቢያ ከተሰበረ ቆይቷል፤ ነፍስ የሚዘራው በአከራዬ ዋይፋይ ብቻ ነው። ኮሪደሩ ላይ፣ ከጫማ መደርደሪያው በላይ የተሰቀለችው ባለ ሁለት አንቴና ሳጥን ናት አንቺንና እኔን የምታገናኘን። ምድር ቤት ያለው ፀጉር አስተካካይ ደግሞ ፓስወርዱን ለደንበኞቹ ሁሉ ሲያድል ኖረ። ተራ የሚጠብቀው ሁሉ በእኛ መስመር ኳስ ያያል፤ አንቺ አፍሽን እንደከፈትሽ ስክሪኔ ላይ ደርቀሽ ትቀሪያለሽ። በመጨረሻ የአከራዬም ቴሌቪዥን ድራማው መሐል ላይ ሲቆምባቸው ቴክኒሺያን አስጠርተው ፓስወርዱ ይለወጥ አሉ። ቴክኒሺያኑ ከስምንት ቁጥር ያላነሰ፣ ማንም የማይገምተው ነገር ጻፊ ብሎኝ እንደ ጨዋ ሰው ፊቱን አዞረ። ጻፍኩ። በቴሌቪዥኑም በስልኬም አስገባሁ። ወረቀት ላይ ግን አላሰፈርኩትም።

ለምን ካልሽኝ፣ የጥፋቱ እኩሌታ ያንቺ ነው። ልኬት በወረቀት አይጻፍም ብለሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ። የሰው ገላ ምስጢር ነው፤ የደንበኛዋ ወገብ ወረቀት ላይ ተጽፎ የተገኘባት ልብስ ሰፊ ከወሬኛ አትለይም ትይ ነበር። የሰፈሩን ሴት ሁሉ ከትከሻ እስከ ቁመት በጭንቅላትሽ ይዘሽ፣ አንዷ ገና በሩን ስታልፍ ወፍረሻል እያልሽ ስታሳፍሪያት ነው ያደግኩት። እናም ምስጢር ነው ብዬ በጭንቅላቴ ያዝኩት። ያስገባሁትም ቢሆን የማልረሳውን ነገር ነበር፤ ያንቺን ልኬት። ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ቁመት፣ አንቺ በምትጠሪበት ቅደም ተከተል። የራሴን ስም ብረሳ ያንቺን ልኬት እረሳለሁ?

በተጣላን ማግስት ጠዋት፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት ልደውልልሽ ተነሣሁ። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነበር ብዬ ብጽፍ ደስ ይልሽ ነበር፤ እውነቱ ግን ክርክሩን ልቀጥል ነበር። ኔትወርኩ ተንቀራፈፈ። ፀጉር አስተካካዩ በሰላሙ ዘመን ያስተማረኝ ዘዴ ትዝ አለኝ፤ ስልክሽን ዋይፋዩን እርሳ ትዪውና እንደገና ትገቢያለሽ፣ ያኔ ይፈጥናል ይል ነበር። እርሳ አልኩት። ታዛዥ ነው፣ ረሳ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኔ ነው። ፓስወርድ አስገቢ አለኝ። ልኬትሽን ጻፍኩለት። ትክክል አይደለም አለኝ።

ትክክል አይደለም! እኔ የማላውቃትን እናቴን ስልክ ሊያውቃት ነው? ቀስ ብዬ ደገምኩት፣ እምቢ አለ። ከቁመት ወደ ትከሻ ገለበጥኩት፣ እምቢ። ምናልባት እጅጌውን ጨምሬ ይሆናል ብዬ እጅጌ ጨመርኩ። አንድ ቀን ተናድጄ የአክስቴን ዳሌ ሁሉ ሞክሬያለሁ፣ እንዳትነግሪያት። የዋይፋዩ ስም ግን ከነሙሉ ምልክቱ ስክሪኑ ላይ ተገትሮ ያየኛል፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው።

ስልክ መደወያ ቤት ሄጄ ደወልኩ። ላንቺ ሁለት ጊዜ፣ ለአክስቴ ሁለት ጊዜ፣ ለወንድሜ አንድ ጊዜ። ማን ያንሣ! ከማታውቁት የውጭ ቁጥር ከተደወለ አጭበርባሪ ነውና እንዳታነሡ ብዬ ሦስታችሁንም አስምዬ የለ? ምነው በሌላውም ነገር እንዲህ በሰማችሁኝ።

አከራዬንም ለምኛለሁ። ሳጥኗ ጀርባ ላይ መርፌ የምታስገባ ቀዳዳ አለች፤ እሷን ጠቅ አድርጎ መያዝ ነው፣ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይጀምራል። መርፌ ደግሞ ከእኔ በላይ ማን አለው? እሳቸው ግን ሳጥኗ ፊት ቆመው፣ ቴሌቪዥኔ ይሠራል፣ የሚሠራ ነገር አይነካም፣ ባለፈው ተነክቶ ስድስት ክፍል አልፎኛል አሉ። በቤታቸው ናቸው፣ ምን እላለሁ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል፣ በመጨረሻ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ወረድኩ። ደንበኛውን ግማሽ ራሱን ተላጭቶ እንደተቀመጠ ትቶ፣ ማሽኑን አጥፍቶ፣ ታሪኩን ከመጀመሪያው አስደገመኝ። ከዚያ ለደንበኛው ነገረው። ደንበኛው ተራ ለሚጠብቁት ነገራቸው። የሚረዳኝ ነገር እንደሌለና እሱም በእኔ ምክንያት ከዓለም ተቆርጦ እንደሚኖር አስረድቶ ሸኘኝ። አሁን በዚያ በኩል ሳልፍ ስሜ «ቁልፌ» ሆኗል፤ ቆልፋ ቁልፉን የጣለች ማለታቸው ነው።

ስለዚህ እንደ ጥንቱ ብዕር አነሣሁ። ጎረቤቴ ዳቦ ጋጋሪው ሰኞ ወደ እናንተ ይጓዛልና ያደርስልሻል። የተጣላንበትንም ነገር እዚሁ ልጨርሰው። የመጀመሪያው ቀሚስ ሰፋኝ አልሽ፤ ይሁን። አክስቴ ለክታሽ ቁጥሩን በስልክ ነገረችኝ፤ አላመንኳትም፤ ሜትር ስትይዝ የጆንያ አፍ የምታስር ይመስላታል። እሷ ካለችው ላይ ከራሴ ጨምሬ ሁለተኛውን ሰፋሁ። እሱም ሰፋኝ አልሽ፤ እጅሽ ጠፍቷል፣ የምትሰፊው ለእኔ ሳይሆን ለሌላ ሰው ነው አልሽኝ። እማዬ፣ ሌላው ሁሉ ይባል፣ እጅሽ ጠፍቷል እንዴት ትዪኛለሽ? እጄን የሠራሽው አንቺ አይደለሽ?

እስከዚህ ያለውን የጻፍኩት ትናንት ነው። ዛሬ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፖስታውን ስላልዘጋሁት እሰይ።

ዛሬ ጠዋት ስፌት ቤት አንዲት ሴት ኮት ይዛ መጣች። ካሳጠብኩት በኋላ ሰፋብኝ፣ በሁለቱም ጎን ይጥበብልኝ አለች። ዋናው ቆራጫችን ሽማግሌ ናቸው፣ ቃል አያባክኑም። ሜትሩን ወገቧ ላይ ዞር አድርገው አዩና፣ ልጄ፣ ኮቱ እንደነበረ ነው አሏት። ሴትዮዋ የራሷን ወገብ በእጇ ዳሰሰች። እኔም መቀሱን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ለካ ቴክኒሺያኑ የመጣው አክስቴ ቁጥሩን በነገረችኝ ቀን ነው! ጨርቁን እስክቆርጥ እንዳይጠፋኝ በአፌ እያልጎመጎምኩት ነበር። ማንም የማይገምተው ጻፊ ሲለኝ አፌ ላይ የነበረውን ጻፍኩ። በኋላ የአክስቴ ስሕተት ነው ብዬ ከአፌም ከልቤም አወጣሁት። ጭንቅላቴ የእናትሽ ልኬት ሲባል የሚያውቀው የድሮዋን፣ ስመጣ በር ላይ አቅፋኝ የቀረችዋን ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልኩን የድሮዋን እናቴን ተቀበል እያልኩ ነው ስጨቃጨቅ የኖርኩት።

አዲሱ ቁጥር ግን ጨርሶ ጠፍቶኛል። ከዚያ ገበሩ ትዝ አለኝ። በአክስቴ ልክ መጀመሪያ የቆረጥኩትና የሰፋሁት ገበር ነበር፤ ይኼማ የእማዬ አይደለም ብዬ ከጠረጴዛዬ ሥር የቁርጥራጭ ዘንቢል ውስጥ ወረወርኩት፣ ሌላ አስፍቼ ቆረጥኩ። ጨርቅ አይጣልም ስለምትይ ሳልጥለው ቀረሁ። አወጣሁት። የስፌቱን ትርፍ ቀንሼ፣ የአንዲት ጣት መተንፈሻሽንም ቀንሼ ለካሁት። ስፌት ቤታችን ሁለት የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶች አሉ፣ አንድ ትልቅ አንድ ትንሽ። ትልቋ እማዬ ናት እያልኩ ነበር የምሰፋው። ገበሩ አልገባላትም። ትንሿን አለበስኳት፣ ልክክ አለ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ሽማግሌው አይተው እንዳላዩ ሆነው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ቤት እንደደረስኩ ጫማዬን ሳላወልቅ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቁጥሩን ጻፍኩ። በመጀመሪያው ሙከራ ከፈተልኝ። ስልኬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የወንድሜ መጣ፣ የአክስቴ መጣ፣ ያንቺም መጣ። ልጄ አኩርፈሽ ነው? ልጄ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። የመጨረሻው ደግሞ ቀሚሱን ለብሼዋለሁ፣ ምንም አይልም ይላል። እማዬ፣ ልብ አይሰበርም ያለሽ ማን ነው?

ወዲያው ደወልኩልሽ። የተባባልነውን ታውቂዋለሽ፤ ግን አንዳንዱን ላስታውስሽ። ደህና ነኝ ያልሽው አሥራ አንድ ጊዜ ነው። ያሳየሽኝ ጣሪያውንና ግማሽ ግንባርሽን ነው። ስልኩን አክስቴ ትያዘው፣ አንቺ ራቅ ብለሽ ቁሚና ልይሽ ስልሽ፣ ኔትወርኩ አስቸገረ ብለሽ ዘጋሽው። ኔትወርኩ ምንም አልሆነም። ከዚያች አንድ ጠዋት በቀር፣ የፀጉር አስተካካዩ ደንበኞች ከወጡበት ወዲህ እንደ ጅረት ነው የሚፈስሰው። አክስቴ ሜትሩን አላጠበቅኩትም ብላ የማለችልኝን ድምፅም ከበስተጀርባ ሰምቻለሁ።

አንቺ የሰው ሴት በር ላይ አይተሽ አንድ ጣት እንደቀነሰች የምታውቂ ሰፊ ነሽ። የራስሽን አታውቂም ብዬ አላምንም። በስልክ ብጠይቅሽ ታመልጪኛለሽ። ወረቀት ግን ጣሪያ አያሳይም። ስለዚህ ሕግሽን ጣስኩ፣ ይቅር በይኝ፤ ሁለቱንም ልኬትሽን ጻፍኩት።

ከመምጣቴ በፊት የለካሁሽ፦ ትከሻ 42፣ ደረት 104፣ ወገብ 92፣ ዳሌ 112፣ የቀሚስ ቁመት 120።
አክስቴ የለካችሽ፦ ትከሻ 40፣ ደረት 90፣ ወገብ 76፣ ዳሌ 98፣ ቁመት 120።

ከቁመትሽ በቀር የቀረሽ የለም። ይህን ወረቀት ሐኪም ዘንድ ይዘሽ ሂጂ። ምን እንደምትዪው አትጨነቂ፣ ደህና ነኝም እንዳትዪው፤ ወረቀቱን ብቻ ስጪው። በወረቀት የጻፍኩት ለእሱ ነው፣ ለወሬ አይደለም። የሚልሽን ደግሞ ክፉም ቢሆን በጎ ሳታሳጥሪ ሳታጠብቢ ንገሪኝ። ፈርቻለሁ፣ እማዬ። የተናደድኩትም ፈርቼ ነው።

የአክስቴን ጉልበት ሳሚልኝ፤ እንደ እሷ ሜትር የሚይዝ በአገሩ የለም፣ ስሟን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ነገም ደግማ ትለካሽ። «ጀት» ለምንለው ለቀርፋፋው ወንድሜ፣ ቀጠሮ አስይዞ በእጁ ይዞሽ ካልሄደ እንደማላናግረው ንገሪው፤ ይህኛው እውነተኛ ኩርፊያ ነው። ለጎረቤታችን ጡረተኛው መምህር ሰላምታዬ ይድረሳቸው፤ ደብዳቤውን መነጽርሽ ጠፋብኝ ብለሽ እሳቸው እንዲያነቡልሽ ብታደርጊ ደስ ይለኛል፣ ምስክር ይሆኑኛል። ለአሮጌዋ ስፌት መኪናችንም ዘይት አድርጉላት።

ከደብዳቤው ጋር ሦስተኛው ቀሚስ አለ። ገበሩ ያ የተወረወረው ገበር ነው፣ ላዩን ነገ እጨርሰዋለሁ። በልክሽ ነው። እባክሽን እማዬ፣ ደግሜ እንዳጠብበው አታድርጊኝ።

ልጅሽ፣ ቁልፌ

ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ከጫማ መደርደሪያው አጠገብ ካለችው ክፍል
ቅዳሜ፣ ኅዳር 14 ቀን