ስህተት ላልተገኘባቸው ዘጠና ሰባት ቀናት የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የጥራት ማሻሻያ አመቻች፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ግድግዳችንን ያለበሱት ባለቀለም ወረቀቶችዎ ሁሉ ደህና ናቸው? የእኔ ምኞት ዕድሜዎ እንዲረዝምና በዚያ ረጅም ዕድሜ ውስጥ አንድም ቀን እርስዎ በሚያመቻቹት ክፍል ተኝተው እንዳይታከሙ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምርቃት ቢኖረኝ አልሰስትብዎትም ነበር።

ራሴን ላስተዋውቅ። አርባ ዓመት ቋንቋ ያስተማርኩ ጡረተኛና በሴቶች ሕሙማን ክፍል በዘጠኝ ቁጥር አልጋ ላይ የተኛችው ሴት ባል ነኝ። ባለቤቴ የፊታችን ሐሙስ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል፤ ደረቷ ደካማ ስለሆነም ከዚያ ስትወጣ በኦክስጅን እንድትቆይ ሐኪሙ አዘዋል። በዚያው ሐሙስ ጠዋት በክፍሉ መግቢያ የሰቀሉት «ያለ ስህተት ያለፉ ቀናት» የሚለው ቦርድ፣ ዛሬ ዘጠና ሰባት የደረሰው፣ መቶ ይሞላል። ከሌሎች ሆስፒታሎች እንግዶች መጥተው ከእኛ እንደሚማሩም ሰምቻለሁ። ሁለቱ ጉዳዮች በአንድ ጠዋት ስለተገናኙብኝ ይህን ለመጻፍ ተደፋፈርኩ።

አንደኛ፣ ማመስገን ያለብኝን ላመስግን። የመጡ ሰሞን ወንበሮቹን በክብ አስደርድረው፣ ሐኪሙንም ነርሷንም የጽዳት ሠራተኛዋንም ጎን ለጎን አስቀምጠው እኩል ጠየቁ። የጽዳት ሠራተኛዋ፣ በዕድሜዋ ሙሉ «ዞር በይ» ከመባል በቀር አስተያየት ተጠይቃ የማታውቀው፣ የመታጠቢያ ቤቱ ውኃ መውረጃ እንደተደፈነና በሽተኛ እያንሸራተተ እንደሚጥል ተናገረች፤ በሦስተኛው ቀን ተጠገነ። አመቻች ማለት ይህ ነው ብዬ ለባለቤቴ አወራሁላት፤ የሚያውቅ ሰው አፉን እንዲከፍት ወንበር የሚስብለት ሰው። ያን ቀን ከልቤ አጨብጭቤያለሁ፤ ጭብጨባዬን ለመመለስ ካልተቸገሩ ዛሬ ብወስደው ደስ ይለኛል።

ሁለተኛ፣ ቦርዱ ከተሰቀለ ወዲህ ስለተወለደው ቃል። በሥርዓትዎ መሠረት አንድ ስህተት ከተመዘገበ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ቁጥሩ ሃምሳ ሲያልፍ ግን ወደ ዜሮ መመለሱ ለሁላችሁም እንደ ውርደት ሆነ፤ ስለዚህ «ስህተት» የሚባለው ነገር ስሙ ተቀይሮ «ትምህርት» ተባለ። የሌላ ሰው መድኃኒት የተሰጣት በሽተኛ «ትምህርት» ተብላ በአረንጓዴ ወረቀት ግድግዳ ላይ ተለጠፈች፤ መርፌ የተወጋችበት ያበጠባት ሴት ሌላ ትምህርት ሆነች። በአርባ ዓመት የማስተማር ዘመኔ ይህን ያህል ትምህርት ተሰጥቶ ይህን ያህል ሰው ምንም ሳይማር ሲቀር አይቼ አላውቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉ ነበር ድሮ፤ በእርስዎ ዘመን ግን በሽታውን የደበቀ የምስክር ወረቀት አለው።

ሦስተኛ፣ ስለ ልብስ ሰፊዋ። ከባለቤቴ አጠገብ፣ በስምንት ቁጥር አልጋ የነበረችውን ማለቴ ነው፤ በስም አላነሳትም፣ እናንተም በስም አላነሳችኋትምና። ጨዋታ አዋቂ ነበረች። እርስዎ በስብሰባ ላይ እያዳመጡ አንገትዎን ሲነቀንቁ አይታ፣ «እትዬ፣ ይኼ ሰውዬ የስፌት መኪናዬን አስታወሰኝ፤ ይረግጡታል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ክር ግን የለውም» ብላ ባለቤቴን ቁስሏ እስኪያማት አስቃታለች። ባለፈው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ትንፋሽ አጠራት። የኦክስጅኑ ሲሊንደር ጠቋሚ ሙሉ ይላል፤ ነርሷ ጠቋሚውን እያየች ታጽናናታለች፤ ጠቋሚው ሙሉ እንዳለ ልብስ ሰፊዋ አለቀች። ሲሊንደሩ ባዶ ነበር።

በማግስቱ ቦርዱ ዘጠና ሁለት አለ፤ እርስዎም ባለሙያዎቹን ሰብስበው፣ ከመጋረጃው ወዲህ እኔ እየሰማሁ፣ ያንን አምስት ጊዜ «ለምን» የሚባልበትን ዘዴዎን ሠሩበት። ለምን ሞተች? ኦክስጅን ስላለቀ። ለምን ሳይታወቅ አለቀ? ጠቋሚው ሙሉ ስላለ። ለምን ሙሉ አለ? ከተጣበቀ አንድ ወር ስላለፈው። ለምን አልተቀየረም? ተለዋጩ መጋዘን ውስጥ ቢኖርም የሚወጣው የብልሽት ቅጽ ሲሞላ ስለሆነ። አምስተኛውን «ለምን» በጉጉት ጠበቅሁ፤ ቅጹን ለምን ማንም አልሞላም? መልሱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ቅጹ ከተሞላ ቦርዱ ዜሮ ይላል። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ አንዲት ነርስ ጉሮሮዋን ጠረገች። እርስዎ ግን ሰዓትዎን አይተው፣ «ይህ ስህተት አይደለም፤ ትልቅ ትምህርት ነው» ብለው አረንጓዴውን ወረቀት ለጠፉ፤ ተጨበጨበም። እኔ ተማሪዬ አራት ጥያቄ መልሶ አምስተኛውን ሲዘል ያለፈ አድርጌ ደብተሩን መልሼለት አላውቅም። የእርስዎ ሥራ ደግሞ፣ እንደገባኝ ከሆነ፣ ከአምስተኛው ጥያቄ በኋላ በሚመጣው ጸጥታ ውስጥ መቀመጥ ነበር፤ የቀሩትን አራቱን እኮ ዘበኛውም ይጠይቃቸዋል።

አራተኛውና የመጨረሻው አቤቱታዬ አጭር ነው። ያ ሲሊንደር ተሞልቶ ይሁን ሳይሞላ ተጠርጎ ተወልውሎ አሁን በዘጠኝ ቁጥር አልጋ ራስጌ ቆሟል። ጠቋሚው ሙሉ ይላል። ትናንት ሙሉ ይል ነበር፤ ነገም ሙሉ ይላል። ወዲያ ወዲህ እየነካካሁ ሞከርኩት፤ ከሰው ይልቅ በአቋሙ የጸና ነው። ነርሷን ለምኛት፣ እሷም ክፉ ሰው አይደለችም፣ መሬት መሬት እያየች «ጋሼ፣ ቅጹን ከሞላሁ ቦርዱ ብቻ አይደለም ዜሮ የሚሆነው» አለችኝ። ኃላፊዋ ወደ እርስዎ መራችኝ፤ ባለፈው ሐሙስ ጥያቄዬን ጽፌ በአስተያየት ሣጥንዎ ጨመርኩ፤ እስካሁን መልስ የለም። ባለቤቴ ምን እንደምጽፍ ጠይቃኝ ለጡረታ ቢሮ ነው አልኳት። ሠላሳ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር የዋሸኋት ይህ ሁለተኛው መሆኑ ነው።

እንደ ቋንቋ አስተማሪ አንድ ነገር ልጨምር፤ «አመቻቸ» ተሳቢ የሚፈልግ ግሥ ነው። ምን አመቻቸ? ተብሎ ሳይመለስ ዓረፍተ ነገሩ አይዘጋም። የእርስዎን ዓረፍተ ነገር ሐሙስ ጠዋት ባለቤቴ በትንፋሿ እንዳትዘጋልዎ፣ እባክዎ ያን አንድ ገጽ ቅጽ ይሙሉልን። ቦርዱ ዜሮ ቢል እንግዶቹ ከዜሮ ብዙ ይማራሉ።

በታላቅ አክብሮት፣ ከአክብሮቴም በሚበልጥ ፍርሃት፣

እስከ ሐሙስ ጠዋት ድረስ በእርግጠኝነት ባል የሆንኩት፣
የዘጠኝ ቁጥር አልጋ አስታማሚ

ሌላ የዘነጋሁት፦ ይህን አጥፌ ፖስታ ውስጥ ስከት ጸሐፊዎ ሣጥኑ ውስጥ ለጨመርኩት ጥያቄ መልስዎን ይዛ መጣች፤ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። የሲሊንደሩ ጉዳይ ከመቶኛው ቀን በዓል ማግስት፣ ዓርብ በአራት ሰዓት፣ ለውይይት ስለሚቀርብ እኔም እንድገኝ ተጋብዣለሁ። በመጋበዣው ላይ ከአልጋ ቁጥር ዘጠኝ ቀጥሎ «የሟች ቤተሰብ» ተብሎ ተተይቧል። ከልብስ ሰፊዋ ቅጽ ሲገለበጥ የተረፈ ስህተት ይሆን እንዴ ብዬ ጸሐፊዋን ጠየቅኋት። ወረቀቱን አየችው፤ ወደ ቦርዱ ዞር ብላ ተመለከተች፤ ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስህተትስ አይደለም፣ ጋሼ» አለችኝ።