እናታቸውን በአስተርጓሚ ለሚሰሙት ኃላፊ

ለተከበሩ የትምህርት ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለመላ ጤናዎ፣ በተለይም በቅርቡ በድንገት ለታመመው ጆሮዎ፣ ፈጣን ምሕረትን እመኛለሁ። እኔ የትምህርት ቤቱ የሳይንስ መምህርት ነኝ፤ ትዝ ካልዎት ደግሞ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁዎት ታላቅ እህትዎ ነኝ። ዝምድናችን የቢሮዎን ክብር እንዳይቀንስ ብዬ «አንተ» ማለቱን ለዛሬ ትቼ፣ ቅሬታዬን እንደ ደንቡ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ባለፈው ዓመት ቤት ድረስ መጥተው፣ ከእናታችን እግር ሥር በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው፣ ለተማሪዎች የአካባቢያቸውን ዕፅዋት በገዛ ቋንቋችን እንድታስተምርልዎት ስለለመኗት ከልብ አመሰግናለሁ። «እማዬ፣ አንቺ ብቻ በራስሽ አፍ ንገሪያቸው፤ ሌላውን ለእኔ ተይው» ያሏትም በዚያው ቋንቋ ነበር፤ አንድ ቃል እንኳ አልተሳሳቱም። እሷም አምናዎት፣ ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ቅጠል አሽተው እንዲያሸቱ፣ ተክሉን በስሙ ጠርተው ሳያስፈቅዱትም አንዲት ቅጠል እንዳይቀጥፉ አስለመደቻቸው። ዛሬ ተማሪዎቼ አጥር ሥር ቆመው ቅጠል ሲያስፈቅዱ ያየ አላፊ አግዳሚ ይስቃል፤ እኔ ግን ደስ ይለኛል።

፪ኛ. ለዚሁ ትምህርት የተዘጋጀው የትምህርት ቤቱ የአትክልት ቦታ በተመረቀ ዕለት በእንግዶች ፊት ስላሳዩት ጨዋነት ምን ብዬ ላመስግንዎት! እናታችን ለሳል የሚሆነውን ችግኝ ከጓሮዋ አምጥታ፣ ተክላ ስታስረዳ፣ እርስዎ በአዲሱ ጫማዎ ላዩ ላይ ቆመው ነበር። «ልጄ፣ እግርህን አንሳ፤ ረግጠኸዋል» አለችዎት። አንዱ እንግዳ ምን እንዳለች ቢጠይቅዎት ፈገግ ብለው «እኔም ቋንቋውን አልሰማም» አሉና፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው እዚያው ቆሙ። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ተጠርቶ እስኪተረጉምልዎት ድረስ ችግኙ ከጭቃው ጋር አንድ ሆነ። ወላጅ እናቱን በጥበቃ አስተርጓሚነት ያነጋገረ የመጀመሪያው ኃላፊ ስለሆኑ እንኳን ደስ ያለዎት። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ ከእኛ ቤት ግን አልጠበቅሁም። በጣም ነው ያዘንኩብዎት።

፫ኛ. በሳምንቱ የደረሰን ማስታወቂያ ደግሞ «የዕፅዋት መምህርቷ የሚሉትን የሚረዳ ኃላፊ ባለመኖሩ» የዕፅዋት ትምህርት ከእንግዲህ በቢሮው ቋንቋ ብቻ፣ በሌላ መምህር እንዲሰጥ ያዛል። ፊርማው የእርስዎ ነው። እናታችን ግን ዛሬም ትምህርቱ በሚውልበት ቀን ጠዋት ሻርፗን ደርባ፣ ቅጠሎቿን በፌስታል ይዛ በር ላይ ትቀመጣለች። እኔም የሚወስዳት የትምህርት ቤቱ መኪና ተበላሽቷል እላታለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩብዎት ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ጫማዎ ከጭቃው ጸድቶ እንደሚሆንም ተስፋ እያደረግሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ በሚበልጥ ትዝብት ጋር እሰናበታለሁ።

ታዛዥዎ፣
የሳይንስ መምህርቷ

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ እናታችን ቋንቋው እውነት የጠፋብዎት መስሏታል። «ቢሮ ሲውል ረስቶት ነው እንጂ፣ ልጄስ በእኔ አያፍርም» እያለች፣ መኪናው ሲሠራ እርስዎንም ከትንንሾቹ ጋር አስቀምጣ ከመጀመሪያው ቅጠል ልትጀምርልዎት ተዘጋጅታለች። እውነቱን ሆድ ይፍጀው ብዬ እስካሁን አልነገርኳትም። ይህን ደብዳቤም በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት እሷ በማታውቀው በቢሮዎ ቋንቋ ጽፌ ነው። ምን ይላል ብላ ብትጠይቀኝ፣ ከእርስዎ በተማርኩት መሠረት፣ እኔም ቋንቋውን አልሰማም እላታለሁ።