ባለበረንዳውን ቤት በኮምፒዩተር ሁለት ጊዜ የሠሩት የመምህር ምናለ ትግሉ ዕረፍት

የመተማ ቆላ ነባር ቤቶች ወዳጆች ማኅበር መሥራችና ጸሐፊ የነበሩት መምህር ምናለ ትግሉ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሐምሌ 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ማኅበራችን እጅግ አዝኗል። ይሁን እንጂ እርሳቸውን እያነሡ ፊትን አጨፍግጎ መቆየት ለአባላቱ አልሆነላቸውም። መግለጫው በመሐል ፈገግታ ቢያመልጠው አንባቢ ይቅር እንዲለን እንጠይቃለን።

መምህር ምናለ የቴክኒክ ሥዕል እንዲያስተምሩ ተመድበው ከጎጃም ወደ መተማ በመጡበት ሳምንት፣ ሙቀቱን አይተው «ዓመቱን ልጨርስና ዝውውር እጠይቃለሁ» ማለታቸውን ባልደረቦቻቸው ያስታውሳሉ። ዝውውሩን ሳይጠይቁ ጡረታ ወጡ። የጎጃም ዘዬአቸውንም ቆላው ሊያስለቅቃቸው አልቻለም።

በ2015 ዓ.ም. ጡረታ እንደወጡ ማኅበራችንን መሠረቱ፤ ባለበረንዳውን ቤት በኮምፒዩተር ሞዴል የመሥራት ሥራም ጀመሩ። ይህ ቤት አርክቴክት ኪዳን ማሩ በ1950ዎቹ ለነጋዴው ለሐጂ አብዱረሕማን የነደፉት ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ዙሪያውን በሰፊ በረንዳ የተከበበ፣ ከግድግዳው አናት ባሉት ቀዳዳዎች ነፋስ የሚገባበት ቤት ነው። የመጀመሪያው ንድፍ ስለጠፋ መምህር ምናለ ሁሉንም እንደገና መለካት ነበረባቸው። የመስኮቱን ፍርግርግ አንድ በአንድ፣ የበሩን ማጠፊያ ሳይቀር ሠርተዋል። አንዱ ማጠፊያ ብሎን ጎድሎታል፤ በሞዴሉም ላይ ጎድሏል። እንሙላው ላሏቸው አባላት «ቤቱ ላይ ሲሞላ እሞላዋለሁ» የሚል መልስ ሰጥተዋል።

በ2016 ዓ.ም. የፊት ግድግዳው ተሰነጠቀ። ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚቴ፣ ጣሪያውን የተሸከመው ይኸው ግድግዳ ነው በሚል ቤቱ እንዲፈርስ ሐሳብ አቀረበ። መምህር ምናለ እንደዚያን ጊዜ ተጨንቀው አይተናቸው አናውቅም። «ቤቱ ከፈረሰ ይኸ ሞዴል የሟች ፎቶ መሆኑ ነው» አሉ። ውሳኔው ከመጽናቱ በፊት ሥራቸውን ለኮሚቴው እንዲያሳዩ ጠይቀው ተፈቀደላቸው።

በስብሰባው ላይ ሞዴሉ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ታየ። በውስጡም ስፋቱ የአንድ ክፍል ያህል የሆነ ወፍራም ግድግዳ ነበር። መምህር ምናለ ይህ ውፍረት ሙቀትን ለመከላከል የታሰበ መሆኑን፣ የአርክቴክቱንም ብልሃት በሰፊው አብራሩ። በዚህ ጊዜ የሐጂ የልጅ ልጅና የቤቱ ባለቤት የሆኑት ወይዘሮ ሩፊዳ፣ «ወላሂ መምህር፣ ይኸ ግድግዳ አይደለም፤ የእኔ ሰሊጥ ነው!» ሲሉ ተናገሩ። ነገሩ እውነት ነበር። መጋዘን በሆነው በዚያ ክፍል ጆንያው እስከ ጣሪያ ተደርድሮ በነጭ ሸራ ተሸፍኖ ስለነበር፣ በጨረር ርቀት የሚለካው የሌዘር ሜትራቸው የለካው ሸራውን ነው። ስብሰባው በሳቅ ተቋረጠ። አብልጠው የሳቁት መምህር ምናለ ነበሩ።

ሳቁ ግን ቤቱን ጠቀመው። ኮሚቴው ከሰሊጡ ጀርባ ያለው ሳይታይ አይወሰንም አለ። ወይዘሮ ሩፊዳ ዋጋ እስኪወጣ ሊያቆዩት ያሰቡትን ሰሊጥ ለቤቱ ሲሉ ወደ ሌላ መጋዘን አጋዙት። ከወሎ የመጡ የቀን ሠራተኞች ጆንያውን ሲያወጡ መምህር ምናለ መለኪያቸውን ይዘው ከደጅ አልተነቃነቁም። የመጨረሻው የጆንያ ረድፍ ሲነሣ በኖራ የተለሰኑ ምሰሶዎች ብቅ አሉ። የጣሪያው ዋና ተሸካሚ አግዳሚ የተቀመጠው በተሰነጠቀው ግድግዳ ሳይሆን በእነርሱ ላይ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. መምህር ምናለ ሞዴሉን እንደገና ሠርተው አቀረቡ። መሐንዲሶች ምሰሶዎቹን መርምረው ጤነኛ መሆናቸውን አረጋገጡ፤ ቤቱ እንዳይፈርስ፣ የተሰነጠቀው ግድግዳ ብቻ እንዲታደስ ተወሰነ። የመጀመሪያውን ሞዴል ግን አላጠፉትም። «የሰሊጥ ግድግዳ» ብለው ሰይመው ለአዳዲስ አባላት ማስተማሪያ አደረጉት፤ ትምህርቱም «ከመለካትህ በፊት አንኳኳ» የሚል ነበር። ዛሬ አባሎቻችን የማንንም ቤት ሲለኩ በመጀመሪያ ግድግዳውን በጣታቸው ኳ ኳ ያደርጋሉ። የሚያያቸው ሰው ይገረማል።

እድሳቱ በዚህ ዓመት ሰኔ ተጠናቀቀ። መምህር ምናለ ቤቱ ለሕዝብ ክፍት የሚሆንበትን የመስከረም በዓል በሕመም አልጋቸው ላይ ሆነው ሲያሰናዱ ነበር። አልደረሱበትም። ይህ አንጀታችንን በልቶታል።

ማኅበራችን ለባለቤታቸው ለወይዘሮ መስከረም፣ ለልጃቸው ለህሊና፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸው፣ በየከተማው ለተበተኑት ተማሪዎቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። የቤተሰቡ ግቢ ጠባብ በመሆኑ ወይዘሮ ሩፊዳ ባለበረንዳውን ቤት ለለቅሶ ከፍተዋል። ቤቱ ከታደሰ ወዲህ የሚቀበላቸው የመጀመሪያ እንግዶችም የእርሳቸው ለቅሶ ደራሾች ሆነዋል። ወቅቱ ክረምት ነውና ዝናቡን ፈርቶ ማንም እንዳይቀር፤ ጣሪያው እንደቆመ ነው፣ በረንዳውም ሁላችንንም ይችላል።