ጠበቆቹ ሲደውሉ ያነሳሁት እኔ ነኝ

የእህቴ ልጅ፣

ሹፌሩ በር ላይ ጥሩምባ እየነፋብኝ ነው። የፋብሪካው ሞተር ያለ እኔ እጅ አልነሳም ብሏል አሉ። ምግብሽ ምድጃው ላይ ነው፣ አሙቂው።

ስልክሽን ቻርጅ ላይ ትተሽ እንደወጣሽ ያ የጥብቅና ቢሮ ደወለ። ለአንድ ተለማማጅ ሦስት ፈተና፣ ሁለት ድርሰትና «ራስዎን በእንስሳ ይግለጹ» የሚል ፎርም የሚያስሞላው። ዳኛ ሲሾም እንኳ እንዲህ አይበጠርም።

የደወለችው ሴትዮ፣ የሠራሽበት ጋራዥ ባለቤት እኔ መሆኔን ስነግራት፣ «ክረምቱን እርስዎ ጋ ምን ትሠራ ነበር?» አለችኝ። ጋራዥ ውስጥ ስልክ ታነሳ ነበር ማለት ለእንዲህ ያለ ቢሮ አንሶ ታየኝና የሕግ ክፍል ኃላፊዬ ነበረች አልኳት። በሥሯ ስንት ጠበቃ ነበር ስትለኝ ስድስት አልኩ። አሥር ልል ነበር፣ ራሴን ገታሁ።

«እንግዲያው ይህንኑ በደብዳቤ ይላኩልን» ብላ ዘጋች።

እዚህ ላይ ትንሽ አላበኝ።
ቤቱ ይሞቃል።

መልሼ ደወልኩና እውነቱን ነገርኳት። ስልክ ነበር የምታነሳው፤ ሊደባደብ የመጣ ደንበኛ እሷን አናግሮ ይቅርታ ጠይቆ ይሄድ ነበር፤ ዘጠኝ ቢሮ አንፈልግሽም ካሏት በኋላ አሥረኛውን ማመልከቻ ስትጽፍ በዓይኔ አይቻለሁ አልኩ። በሃያ ዓመት ውስጥ ምንም ሳልጨምር የተናገርኩት ይኼን ብቻ ነው፣ መንጋጋዬን አመመኝ።

ሴትዮዋ «ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ትምጣ» አለች።

ኮትሽን ተኩሼልሻለሁ። ካውያው ቀኝ ብብቱን ትንሽ ስላሳረረው ቀኝ እጅሽን ብዙ አታንሺ።

ስለ እኔ ከጠየቁሽ የሩቅ ዘመድ ነው በያቸው።