የኛ ፕላዝማ ከተበላሸ ቆየ

ሰኔ 4፣ ማክሰኞ

ጠዋት በሞተር ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ የሄልሜቴ የፊት መከለያ ፕላስቲክ በትንፋሼ ጉም ይዞት ከላም ጋር ከመጋጨት ለጥቂት ተረፍኩ። ብስጭቴን ይዤ ክፍል ገባሁና፣ በፕላዝማ አማካኝነት ስስ ሽፋን የተለበጠ ፕላስቲክ ጉም እንደማይዘው ለተማሪዎቼ አስረዳሁ።

ተማሪዎቹ ሁሉ ዞረው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የትምህርት ቴሌቪዥን አዩ። ጫልቱ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የኛ ፕላዝማ እኮ ከተበላሸ ቆየ።»

ያ ሌላ ነው፣ ይሄኛው ኤሌክትሪክ አተሞቹን የበታተነው ጋዝ ነው አልኳት።

«እሱስ ይሠራል? አይተውታል?»

አላየሁትም። ያነበብኩትን ነው የምደግመው። እኔም እንደነሱ ጥቁሩን ቴሌቪዥን ማየት ጀመርኩ።

ስመለስ ዘነበ። ፕላስቲኩን ወደ ላይ ገልጬ ነዳሁ። ፊቴ በሰበሰ፤ መንገዱ ግን ታየኝ።